ቀሪ

ካርቦን ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ከተመታበት፣ ወደ መስኮት ከፍ አድርገው ሲያዩት ይነበባል። ፊደሉ ተገልብጦ፣ ቀለሙ የተነሣበት ቦታ ብርሃን እያሾለከ፣ ከቀኑ እስከ ፈራሚው ስም ድረስ ደብዳቤው በሙሉ እዚያው አለ። ይህን ያሳዩን በ1981 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት መኪና ያስተማሩን ሴትዮ ናቸው። ከዚያ በፊት ትልቅ መሥሪያ ቤት ሠርተዋል፤ ምስጢር የተባለ ደብዳቤ በመቱ ቁጥር ካርቦኑንም ያቃጥሉ ነበር። «ልጆች፣ ደብዳቤ ሦስት ቦታ ነው የሚቀመጠው» አሉን። «አንዱ የሚሄደው፣ አንዱ ቀሪው፣ አንዱ ደግሞ እናንተ ብቻ የምታውቁት።»

ታይፒስት ነኝ። ዛሬ በሬ ላይ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ሰሌዳ ቢሰቀልም ሥራዬ ያው ነው። የአዲስ አበባ ኪራይ እየገፋኝ መጀመሪያ ሱሉልታ፣ ቀጥሎ ቡራዩ፣ አሁን ሰበታ ገብቻለሁ። ከተማዋን ዙሪያዋን ዞርኳት እንጂ መሐል አልተመለስኩም። በየሄድኩበት ግን አንድ ጥያቄ ተከትሎኛል፦ «ቀሪው አለ?»

ቢሮ የሠራ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ዋናው ለተጻፈለት ይሄዳል፤ ግልባጩ «እንዲያውቁት» ለተባሉት ይሄዳል፤ ቀሪው የትም አይሄድም፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይሉ ውስጥ ይታሰራል። እኛ ስንሠራው ከላይ አርማ ያለበት ወረቀት፣ ከሥሩ ቀለም ያለው ፊቱ ወደ ታች የዞረ ካርቦን፣ ከዚያ ስስ ወረቀት፣ እንደገና ካርቦን፣ እንደገና ስስ ወረቀት እያልን እንደራርብና ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገን መኪናው ውስጥ እናስገባለን። አምስተኛው ላይ ፊደሉ ጉም ይመስላል። ያኔ ጣት አጠንክሮ መምታት ነው፤ የኔ ትውልድ ታይፒስቶች ዛሬ የኮምፒውተሩን ኪቦርድ እንደ ሚስማር የምንመታው ለዚህ ነው።

ስሕተት ሲመጣ ነበር ጉዱ። ላይኛውን በላጲስ ወይም በፍሉድ ታጠፊያለሽ፤ ግን ከሥሩ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ገልጠሽ ማጥፋት አለብሽ። ሰነፏ ላይኛውን ብቻ አስተካክላ ትሰጣለች። አለቃው ፈርሞ ይልካል፤ ቀሪው ከነስሕተቱ መዝገብ ቤት ይገባል። ከአሥር ዓመት በኋላ ክርክር ሲነሣ ዋናው «ሐምሌ» ይላል፣ ቀሪው «ሰኔ» ይላል። እኔም አንዳንዴ ሰነፏ ነበርኩ።

ነገሩ ከጽሕፈት መኪናም በፊት የነበረ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ሳይደክሙ በፊት፣ ርስትና ጉልት ሲሰጥ ውሉ በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌሉን የሚሰርቅም የሚያቃጥልም አይኖርም ተብሎ ነው። የሚፈልገው ባለጉዳይ ሲመጣ ቄሱ ገልጠው ያነቡለታል፤ ሌላው ሰው ወንጌል ብቻ ነው የሚያየው። መምህራችን «እናንተ ብቻ የምታውቁት» ያሉት ዓይነት ነው።

ኮምፒውተር የገጠመኝ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ ተቀጥሬ። አማርኛው ገና በኦሊቬቲ መኪና ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ወርድፐርፌክት 5.1 በሚባል ፕሮግራም፣ ሰማያዊ ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል ይጻፋል። ካርቦን የለም፣ ፍሉድ የለም። የመጀመሪያ ሳምንት «ቀሪውስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ማሽኑ ራሱ ይይዛል» አሉኝ። የት እንደሚይዝ የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ቀን አሥራ አራት ገጽ ሪፖርት መትቼ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ ከፈትኩት። ስክሪኑ ግርጌ ላይ «አሮጌ ባክአፕ ፋይል አለ፦ 1 ስም ቀይር፣ 2 አጥፋ» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ወጣ። አሮጌ! እኔ የምፈልገው የዛሬውን ነው፤ አሮጌ ምን ያደርግልኛል? 2 ተጫንኩ። ለካ አሮጌ የተባለው መብራት ከመሄዱ በፊት የጻፍኩት ነው። ፕሮግራሙ በየተወሰነ ደቂቃው በስውር አንድ ቅጂ ይጽፋል፤ በደንብ ዘግተሽ ከወጣሽ ራሱ ያጠፋዋል፤ ድንገት ከጠፋ ግን ቅጂው ይቀራል። ያንን ለማወቅ አሥራ አራት ገጽ ከፈልኩ።

ጥገና የሚመጣው ልጅ ነው ያዳነኝ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ዶስ 5 «አንዲሊት» የሚባል ትእዛዝ አለው። ጻፈና አስገባ። የፋይሉ ስም ወጣ፤ ግን ራሱ ተቆርጦ፣ በራሱ ቦታ የጥያቄ ምልክት ቆሞ። «የመጀመሪያው ፊደል ምን ነበር?» ብሎ ማሽኑ ይጠይቃል። ልጁ ደብሊው ጻፈበት፤ አሥራ አራቱም ገጽ መጣ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ሲያስረዳኝ፣ ፋይል ጠፋ ሲባል ማሽኑ ጽሑፉን አይነካውም፤ በማውጫው ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በሌላ ምልክት ይተካና «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ሌላ ጽሑፍ እስኪጻፍበት ድረስ ያ «ባዶ» ቦታ ሙሉ ነው። ያቺ የተቆረጠች ፊደል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ካርቦኑን ወደ መስኮት ማንሣት ማለት ይኸው ነው።

ሱሉልታ የራሴን ቤት የከፈትኩት ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሜዳ ገና በብዛት የከብትና የሣር በነበረበት ጊዜ ነው። ክረምት ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ነፋሱ ጣት ያደርቃል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴን በሻይ ብርጭቆ አሙቄ ነው መምታት የምጀምረው። ሥራው ሁለት ቋንቋ ነበር። ኦሮምኛው በቁቤ ስለሚጻፍ የተለየ ፕሮግራም አይፈልግም፤ ወርድ እያንዳንዱን ቃል በቀይ ያሰምርበታል እንጂ ይጻፋል። አማርኛው ግን በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነበር፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ወደ ሱቃችን የደረሰው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ዊንዶውስ ራሱ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ነበር የሚሻሙት። ማሽኑ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ላዩ ላይ የ«ለ»ን ወይም የ«መ»ን ልብስ ያለብሰዋል። በአንድ ፎንት የሚያዘው ቦታ 256 ብቻ፣ የኛ ፊደል ደግሞ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ አንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፍሎ ያድለው ነበር። አሁን የተበላሸ ፋይል አስቡ። ከስውሩ ቅጂ ውስጥ ጽሑፉን ብቻ ፈልቅቀሽ ስታወጪው ልብሱ ይወልቃል። የሚመጣልሽ የዶላር ምልክት፣ የአክሰንት ፊደል፣ ቅንፍ፣ ግማሽ የፈረንሳይኛ የሚመስል ነገር ነው። መልሰሽ ፎንቱን ስታለብሺው ከፊሉ ቃል ይሆናል፤ ከሌላኛው ፎንት የነበረው ግን የማይገናኝ ፊደል ሆኖ መሐል መሐል ይሰነቀራል። አንድ ጊዜ የአንድ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንደዚያ ሆኖ ደረሰኝና፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ መስቀለኛ ቃል ስፈታው አደርኩ። አንቀጽ 7 ላይ «ዕቁብ» ይሁን «ዕድር» እስከ ዛሬ ርግጠኛ አይደለሁም፤ ሊቀመንበሩ «ዕድር» ብሎ ፈረመ።

ቡራዩ የገባሁት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት። ገፈርሳ ከሱቄ ብዙ አይርቅም፤ ውኃው ለአዲስ አበባ ይሄዳል፣ እኔ በጄሪካን እቀዳለሁ። ሰበታ ስመጣም ያው ነው፦ የግቤ ከፍተኛ መስመር ሰበታ ያርፋል፣ ሱቄ ውስጥ ሻማ አለ። ይህን የምለው ለማማረር ብቻ አይደለም። የስውር ፋይል ዕውቀት በነዚህ ከተሞች የተስፋፋው በመብራት መጥፋት ነው። ዩፒኤስ የሌለው ታይፒስት ሁሉ፣ ሳይወድ በግዱ፣ ወርድ ቅጂውን የት እንደሚደብቅ ተማረ።

የተማርነው ግን በተሳሳተ በር ገብተን ነው። አንድ ፋይል ከፍተሽ እያለ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ በማዕበል ምልክትና በዶላር የሚጀምር፣ የደበዘዘ ሌላ ፋይል ይፈጠራል፤ ስሙ ረዘም ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት በልቶ ነው የሚቀመጥበት። እኛ ያቺን የዶስ ፊደል እያስታወስን «ይኸውላችሁ ቀሪው!» አልን። አልነበረም። መጠኑን ብታዩት 162 ባይት ነው፤ ሁለት መስመር እንኳ አይሞላም። ውስጡ ያለው የሰነዱ ጽሑፍ ሳይሆን የከፈተው ሰው ስም ነው፤ «ይህን ፋይል እገሌ ይዞታል» የሚል ምልክት። ወንበር ላይ የተቀመጠ ነጠላ ማለት ነው፤ ሰውዬው የለም።

እውነተኛው ቀሪ ሌላ ቦታ ነው። ወርድ ካልነካነው በየ10 ደቂቃው «ኤኤስዲ» በሚል ጭራ የሚያልቅ ቅጂ ያስቀምጣል፤ የሚያስቀምጠውም «አፕዳታ» በሚባል፣ ራሱም ስውር በሆነ ፎልደር ሆድ ውስጥ፣ ከዚያ «ሮሚንግ»፣ ከዚያ «ማይክሮሶፍት»፣ ከዚያ «ወርድ» ገብቶ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2010ሩ ወርድ ጀምሮ ደግሞ «ሴቭ ላድርግልህ?» ሲልሽ «አይ» ብለሽ የዘጋሽውን እንኳ ለ4 ቀን ይዞ ይቆያል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ፣ የግቤ ሦስት ውኃ ቀንሶ መብራት እንደገና በፈረቃ ሲሆን፣ አንድ የማስተርስ ተማሪ ምዕራፍ አራቱን ሴቭ ሳያደርግ ጠፋበት። ፊቱ ጥላሸት መሰለ። ማታ ተራችን ደርሶ መብራት ሲመጣ ገባሁና «ሂድን» የተባለውን ሁሉ አስወጣሁት። ሰዓቱን አየሁ፦ ከመጥፋቱ ስድስት ደቂቃ በፊት የተያዘ ቅጂ። ልጁ ያጣው አንድ ሠንጠረዥና አንድ አንቀጽ ብቻ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማሽኖቼ ላይ 10ሩን ደቂቃ ወደ 2 አውርጄዋለሁ።

ሰበታ መርሐ ዕውራን የተማረ፣ አሁን መምህር የሆነ ደንበኛ አለኝ። ኮምፒውተሩን በሚያነብለት ድምፅ ነው የሚጠቀመው። «ደብዛዛዎቹን ፋይሎች እንዳትነካ» ብዬ መከርኩት። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ለኔ ደብዛዛ የሚባል የለም፤ ሁሉም እኩል ይጮሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ሳስረዳ በመልካቸው ሳይሆን በስማቸውና በመጠናቸው ነው።

የፍላሽ ቫይረሱን ዘመን ሳልጠቅስ ባልፍ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ሰው ፍላሹን ሰክቶ ሲከፍት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛቸዋል። ይጮኻል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። ጠፍቷል ብሎ ፎርማት ያደረገ ስንት አለ! ምንም አልጠፋም ነበር። ቫይረሱ ፋይሎቹን «ስውር» ብቻ ሳይሆን «የሲስተም» ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ተራውን የማሳያ ምልክት ብቻ ብትነኪ አይወጡም። የእህቴ ልጅ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ «አትሪብ፣ ሰረዝ ኤች፣ ሰረዝ አር፣ ሰረዝ ኤስ» ብሎ ሲጽፍ ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ተሰላፊው ደንበኛ እንደ ጠበል ያየዋል። ከቤት ኪራዩ ግማሹን የከፈለልን ያ ትእዛዝ ነው። ማይክሮሶፍት በ2003 ዓ.ም. ፍላሽ ሲሰካ ራሱ የሚከፍትበትን ነገር በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ሲዘጋ ገበያው እየቀዘቀዘ ሄደ። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፤ ከፍቶኝ ነበር።

ያልተወራ ጎን አለው ይህ ሥራ። ካርቦኑ በነበረበት ጊዜ ማታ ቅርጫቱን አይተሽ ታቃጥያለሽ፣ ያበቃል። አሁን የሰው ፍቺ፣ ኑዛዜ፣ የመሬት ካሣ ማመልከቻ፣ የአረብ አገር ውል፣ ባለቤቱ በፍላሽ ወሰድኩ ብሎ ከሄደ በኋላ፣ ማሽኔ ውስጥ በሦስትና በአራት ስም ይቀራል። አንድ ሰው መጥቶ ሚስቱ ባለፈው ሳምንት ያጻፈችውን ማመልከቻ «ቀሪውን አትሚልኝ፣ እከፍላለሁ» አለኝ። የለም አልኩት። ነበር። ያን ቀን ማታ ከሷ ጋር አብሮ የሌሎቹንም አጠፋሁ፤ ካጠፋሁ በኋላ ደግሞ የተቆረጠችው ፊደል ትዝ አለችኝና ባዶ ቦታውን በማይረባ ፋይል፣ በሙዚቃ፣ በፊልም ሞላሁት። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ።

አንዱን ግን አላጠፋሁም፤ ያላጠፋሁትም መኖሩን ስላላወቅኩ ነው።

ከሱሉልታ ጀምሮ አንድ ልማድ አለኝ፦ በወርድ ማስተካከያ ውስጥ «ሁልጊዜ ባክአፕ ቅጂ ፍጠር» የሚለውን ሳጥን ምልክት አደርጋለሁ። ያኔ አንድን ፋይል እንደገና ሴቭ ስታደርጊ፣ ከዚያ በፊት የነበረው መልኩ «ባክአፕ ኦፍ» የሚል ስም ተሰጥቶት ጎኑ ይቀመጣል። ወርድ ፋይል ስትከፍቺ በዝርዝሩ ውስጥ አያሳይሽም፤ «ሁሉንም ፋይሎች» ካላልሽ አይታይም። የሚይዘውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ሴቭ ካደረግሽ የመጀመሪያው ሄደ።

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ ከቡራዩ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና ዞረው በሦስት ታክሲ ሰበታ ድረስ መጡ። ከአራት ዓመት በፊት ቡራዩ ሱቄ የመሬት ማመልከቻ አስጽፈው ነበር። ያስገቡበት ቢሮ «ፋይሉ የለም» ብሏቸዋል፤ ማስገባታቸውን የሚያሳይ ምንም የላቸውም። «አንቺ ዘንድ ቀሪ አይጠፋም ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ወንበሩን ሳይቀር ያስታውሳሉ፤ «በሩ ጎን፣ ቀዩ ላይ ተቀምጬ።»

የድሮዎቹን ሃርድ ዲስኮች በካርቦን ካርቶን ውስጥ ነው የማስቀምጠው። የዚያን ዓመቱን አውጥቼ ሰካሁት። ፋይሉ በስማቸው አለ። ከፈትኩት፤ ሌላ ሰው ወጣ። የአንድ ወጣት የሥራ ማመልከቻ። ምን እንዳደረግኩ ወዲያው ገባኝ፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው፦ አሮጌ ማመልከቻ ከፍተን፣ «ለ» እና «ጉዳዩ»ን ትተን፣ ሆዱን ሰርዘን የአዲሱን ሰው እንጽፋለን፤ በሌላ ስም ሴቭ ማድረጉን እንረሳለን። የእማማን ማመልከቻ በልጁ ማመልከቻ በልቼዋለሁ።

«ሁሉንም ፋይሎች» አልኩ። «ባክአፕ ኦፍ» ብሎ ስማቸውን ጠርቶ ወጣ።

እንዴት ተረፈ? ሴቭ መጫን ለኔ እንደ ማማተብ ነው፤ በየመስመሩ ነው የምጫነው። ሁለተኛዋን ጊዜ ተጭኜ ቢሆን ኖሮ ቀሪውም የልጁ ይሆን ነበር። ደግሜ ሳየው የልጁ ማመልከቻ ግማሹ ላይ፣ ፊርማው ጋ ሳይደርስ ይቋረጣል። ትዝ አለኝ፤ መብራት ሄዶ ልጁ ጄኔሬተር ወዳለው ሱቅ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሴቭ ያደረግኩት። በሕይወቴ መብራት መሄዱን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከፈትኩት። ቀኑ አለ፣ ቀበሌው አለ፣ የመሬቱ አዋሳኝ በአራቱም አቅጣጫ አለ። አተምኩት፤ የልጅ ልጃቸው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። መሐል ላይ እማማ አቋረጧት።

«የአባቴ ስም እንዲያ አይደለም። ያን ቀን ነግሬሽ አላስተካከልሽውም?»

አስተካክዬው ነበር። ስክሪኑ ላይ አርሜ፣ ያረምኩትን አትሜ፣ ሴቭ ሳላደርግ ዘግቼዋለሁ። የሄደው ወረቀት ትክክል ነበር፤ ቀሪው ከነስሕተቱ ቀረ።

«አሁን አስተካክያት ኣ!» አለች ልጅቷ። አንድ ፊደል ናት፤ ሰከንድ አይፈጅም። እጄን ኪቦርዱ ላይ አደረግኩና አነሣሁት። ካስተካከልኩት የፋይሉ ቀን ዛሬ ይሆናል፤ የዛሬ ወረቀት ደግሞ ማንም ይጽፋል።

«እንዲህ ነው ያለው እማማ» አልኳቸው። «እንዳለ ይውሰዱት።»

ትንሽ አሰቡ። ወረቀቱን ከልጅቷ እጅ ተቀብለው፣ ባያነቡትም፣ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ «ስንት ነው?» አሉኝ።